የአግዳሚው ሐኪም

ራጅ ክፍል ያለ አግዳሚ፣ አግዳሚም ያለ ሐኪም ኖሮ አያውቅም። አልተማረም፣ አልተቀጠረም፤ ከሥራ ገበታው ግን ቀርቶ አያውቅም። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ራጅ ለምታነሳው ለድርቤ የደረሷት ክቡር ሐኪም ጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጋሼ ገብረክርስቶስ ናቸው።

ከሦስት ዓመት በፊት የሽንት ቧንቧቸው ጠቦ እዚሁ ራጅ ተነሥተዋል። ከዚያ ወዲህ "ዘመድ ላስታምም" እያሉ በየቀኑ ከች ነው። በወለጋ ምድር ዘመዳቸው ያልሆነ በሽተኛ የለም።

"የሽንት ቧንቧ የሴት ሁለት ጣት ነው፤ የወንድ ግን ስንዝር ሙሉ፣ ያውም ሁለት መታጠፊያ ያለው!" ይላሉ፣ ስንዝራቸውን ዘርግተው። መድኃኒቱ ከጫፍ ሲገባ ቧንቧው በራጁ ላይ ነጭ ሆኖ እንደሚታይ፣ የጠበበው ቦታም ክር እንደሚያክል ያስረዳሉ። እስከዚህ ልክ ናቸው። ድርቤን የሚያንገፈግፋት ማሳረጊያቸው ነው፦ "ውኃ ጠጡ፣ ሽንት ያዙ!" ለአልትራሳውንድ የሚታዘዘውን ለሁሉም ያዛሉ። ባለፈው ሳምንት ክንዷ ተሰብሮ ከአኖ የመጣች ሴት ሁለት ሊትር ጠጥታ ስትቁነጠነጥ ነበር።

"ኧረ ጋሼ፣ በፈጠረዎት!"

"ለጥንቃቄ ነው ልጄ።"

ሐሙስ ዕለት የሲሬው ገበሬ የጋሩማ ተራ ደረሰ። ከዛፍ ወድቆ ቧንቧው ተጎድቶ፣ ስድስት ወር ሙሉ የሚሸናው በሆዱ በገባ ቱቦ ከረጢት ውስጥ ነው። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ደግሞ ራጁን ሳላይ አልቀድህም ብሎታል። ጋሩማ ድርቤን አየ፤ ከረጢቱን በኮቱ ሸፍኖ ወደ በሩ አመራ።

"ላኪ፣ ላኪ! አይሆንም! ሴት ፊት? ከነከረጢቴ ልሙት!"

በዚያ ሳምንት እንዲህ ብሎ ሲሄድ ሦስተኛው ሰው ነው። ድርቤ ለመለመን እንኳ አቅም አጣች።

ጋሼ ገብረክርስቶስ ተነሡ። ስንዝራቸውን አልዘረጉም።

"ኦቦ ጋሩማ፣ እኔም ሸሽቻለሁ" አሉ፣ አግዳሚው ሁሉ እየሰማ። "ይቺው ልጅ ስትጠራኝ በጓሮ በር ወጣሁ። ያንን ከረጢት ታቅፌ ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀረሁ። በኋላ ስገባ ግማሽ ሰዓትም አልፈጀ። ያቃጥላል፣ አልዋሽህም። ኀፍረቱ ግን እዚህ በሩ ላይ ይቀራል።"

ድርቤ ያን ሽሽት ታስታውሳለች። እሳቸው ግን ለሰው ትንፍሽ ብለው አያውቁም ነበር።

ጋሩማ ቆመ። "እርስዎ አብረውኝ ይገባሉ?"

"ዘመድህ አይደለሁም እንዴ!"

ከጨረር የሚከላከለውን ከባድ ሽርጥ እንደ ካባ ደርበው፣ እጁን ይዘውት ገቡ። ነጩ መስመር መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ክር አከለ። ሐኪሙም አይቶ ለቀዶ ጥገና ለሰኞ ቀጠረው።

አርብ ጠዋት አግዳሚው ላይ ጋሼ የሉም። ድርቤ አራት ጊዜ ወጥታ አየች። ረፋዱ ላይ ከባጃጅ ሲወርዱ ብታያቸው በሩ ድረስ ሄዳ ተቆጣቻቸው።

"የት ቆዩ ጋሼ? ሁለት ዘመዶችዎ እየጠበቁ ነው!"