የብስክሌት ፊደል

አንደበትን ለሚከፍት፣ እግርንም ለሚያጸና ለእስራኤል አምላክ ምስጋና ይድረሰው፤ አሜን።

ወዳጆቼ፣ በሙያው የላቀ ሰው ሲነሣ አንዱ «ተሰጥኦ ነው» ይላል፤ ሌላው «ዕድል ነው» ይላል። እኔ ግን ጎንደር በመምህሬ ደጅ ግዕዝ የተማርሁ ሰው ነኝና ሁለቱንም አልቀበልም። ፊደል በቅጡ ሳይቆጠር ንባብ፣ ንባቡ ሳይጠራ ዜማ የለም። ማለዳ መነሣት፣ ያንኑ መላልሶ ማለት፣ መምህሩ «እለፍ» እስኪል አለማለፍ፤ ይኸው ነው። ይህን በድፍረት የምናገረው የብስክሌት መምህርም ስለነበርሁ ነው። አትሳቁ። ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

ከሱዳን ወደ እስራኤል በመጣን በዓመቱ ነው። አሚሻቭ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛው ሕንፃ የሚኖር ገቢያው የተባለ የልጆች አባት ከፋሲካ በኋላ የሚጀምር የፋብሪካ ሥራ አገኘ። ፈረቃው የሚገባው ግን የመጀመሪያው አውቶቡስ ሳይመጣ ነበር። መናሄሉ፣ ማለትም አለቃው፣ «አንድ ቀን ከዘገየህ በዚያው ቅር» ብሎታል። በዚህ አገር በእግር መሄድ የቀረ መስሎን ነበርና ገቢያው አሮጌ ብስክሌት ፈልጎ አመጣ፤ ከዚያም እኔ ዘንድ መጣ።

«አባ፣ እርስዎ ያላስተማሩት የለም።»

እንዲህ ሲባል ማን እንቢ ይላል? መግፋት የብስክሌት ፊደል ነው ብዬ ደነገግሁ። በየማለዳው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ በብርቱካኑ እርሻ ዳር እስከ ፋብሪካው በር ገፍቶ መመለስ፤ መውጣት ክልክል። በሰንበት ብስክሌቷም ታርፋለች። ጎረቤቱ ከየመስኮቱ «ያላ፣ በል ገቢያው! ፍየል ገበያ እየወሰድህ ነው?» ይለዋል። እርሱ ግን ይገፋል። ፋሲካ አለፈ፤ ተማሪዬ ገና ፊደል ላይ ነበር።

ሥራ የሚገባበት ማለዳ ደረሰ። ገቢያው እንደ ምንም ወጣባት፤ ወዲያው ወደቀ። ዳግም ወጣ፤ ዳግም ወደቀ። ከአቧራው ሳይነሣ «ልጆቼን ምን ላበላ ነው?» አለ። ሚስቱ ያልጋነሽ የምሳውን ዕቃ ይዛ ከደረጃው ቆማ ስታይ ቆየችና፣

«አንተ ሰው፣ ከጎንደር ሱዳን በብስክሌት ነው የሄድኸው?» አለችው።

ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጠ እግር እኮ ከሥሩ ነበር! ምሳውን መቀመጫው ላይ አሰረችለት፤ እርሱም እንደ ልማዱ እየገፋ ሄደ። ደርሶ በሩ እስኪከፈት ጠበቀ።

ከዚያ ወዲያ ዘግይቶ አያውቅም። ብስክሌቷን በየማለዳው ከበሩ ዳር ቆማ የሚያያት መናሄል የሚዘገዩትን ሁሉ «እንደ ገቢያው ብስክሌት ግዙ!» እያለ ይገሥጻቸዋል አሉ። ገቢያውም በትሕትና አንገቱን ይደፋል።

በቀደም መጥቶ «አባ፣ መቼ ነው ወደ መውጣቱ የሚያሳልፉኝ?» አለኝ።

«አትቸኩል፤ መግፋቱ ገና አልጠራም» አልሁት።

እናንተም የሰማችሁ፣ አምላክ ጉልበታችሁን ያጽናው፤ ማልዳችሁ ከደረሳችሁበት ደጅ ሁሉ በሩ ይከፈትላችሁ። አሜን።