ለጠና የማይስማማው የመስቀል ሥጋ

ጥላዬ፦ ዱባ ነው ያልኩህ! በመስከረም ሰው ዱባ ነው የሚበላው!

ጠና፦ ትናንት እኮ በቆሎ ነው ያልከኝ።

ጥላዬ፦ በቆሎ እሸትም ነው፤ ጎመንም ነው። ለምለም የሆነ፣ ከመሬት የወጣ ሁሉ ነው።

ጠና፦ በሬውስ ከየት ወጣ?

[ዘመኑ የጃንሆይ፣ ከተማው ሆሳዕና፣ ዕለቱ የመስቀል ዋዜማ ነው። ጠና ልብስ ሰፊ ነው፤ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ለበዓሉ የታዘዘ ሱሪ ያጣድፋል። ጥላዬ ጎረቤቱ ነው፤ እዚያው አጠገቡ ጨውና ላምባ ይሸጣል። ስለ ምንም ነገር ቢጠየቅ «አላውቅም» ብሎ አያውቅም። ጠና ደግሞ ነገር ቶሎ አይገባውም እየተባለ ይታማል። የሰፈሩ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ አዋጥተው ከሀቢቾ ገበያ የገዙት በሬ ከመንገዱ ማዶ፣ ዳኘ ግቢ ውስጥ ታርዷል፤ ዳኘ፣ አሳምነውና ኃይሉ ሥጋውን ለአንድ አዋጪ አንድ መደብ ድርሻ እያደረጉ እያከፋፈሉ ነው። የጥላዬ ልብ ያለው እዚያ ነው። ነገ የሚስቱ ወንድሞች ከዱራሜ ይመጡበታል፤ በልተው የማይጠግቡ ሰዎች ናቸው። የራሱ አንድ መደብ ለእነሱ ቁርስ እንኳ አይሆንም። ስለዚህ የጠናን መደብ ተመኝቷል።]

ጥላዬ፦ በሬ ከመሬት አይወጣም!

ጠና፦ ሣሩ ይወጣል። ሣሩን በሬው በላው። በሬውን እኔ ብበላው ያው ለምለም በላሁ ማለት አይደለም?

ጥላዬ፦ አይደለም! ስማኝ፤ ምግብ ሁሉ ወራት አለው። መስከረም በቆሎ እሸትና ዱባ፤ ጥቅምትና ኅዳር የባቄላና የአተር እሸት፤ በጋው ሲጠነክር ቆጮ በጎመን። አምላክ በከንቱ አላፈራረቀውም። በወራቱ የተበላ መድኃኒት ነው። ያለ ወራቱ የተበላ ግን ሆድ ውስጥ ገብቶ «የት ነው ያለሁት?» ይላል።

ጠና፦ [እግሩን ከመኪናው ላይ አንስቶ] ይናገራል?

ጥላዬ፦ ይጮኻል እንጂ! ማታ ማታ ሆድህ ጉር ጉር ሲል ምን መስሎህ ነበር?

ጠና፦ የራበኝ ይመስለኝ ነበር።

ጥላዬ፦ የምን ረሃብ! ወራቱ የተምታታበት ምግብ ነው።

ጠና፦ ታዲያ የሥጋ ወራት መቼ ነው?

ጥላዬ፦ ጥር።

ጠና፦ በሬው እስከ ጥር አይበስልም ማለት ነው?

ጥላዬ፦ በሬ እንደ ብርቱካን አይበስልም! ችግሩ በሬው ላይ አይደለም፤ ደምህ ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብለህ ስትሰፋ ደምህ ወፍሯል። በወፈረ ደም ላይ የመስቀል ሥጋ ሲጫንበት... [ጣቱን አንገቱ ላይ እንደ ቢላ ያሳልፋል]

ጠና፦ ያርዱኛል?

ጥላዬ፦ ትሞታለህ!

ጠና፦ አምናም በልቼ ነበር።

ጥላዬ፦ አምና ዕድለኛ ነበርክ።

ጠና፦ ካቻምናም በልቻለሁ።

ጥላዬ፦ ዕድል ያልቃል እኮ፣ ወንድሜ! ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት መርፌ የሚወጋ ትልቅ ድሬሰር ነው በአፉ የነገረኝ።

ጠና፦ በአፉ?

ጥላዬ፦ በምኑ እንዲነግረኝ ፈለግክ?

ጠና፦ [አሰብ አድርጎ] ክትፎስ? ክትፎ እኮ ተከትክቶ አልቋል፤ ሥጋ መሆኑ አይታወቅም።

ጥላዬ፦ ደምህ ያውቃል።

ጠና፦ ጣቢታ የበዓሉን ቡላ በቅቤ አርስሳ ልታበላኝ ዓመቱን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ቅቤ ስታጠራቅም ነው የከረመችው። ሚስቴን ምን ልበላት? ቅቤውም ያለ ወራቱ ነው?

ጥላዬ፦ [ቅቤውን አልተመኘምና] ቅቤ ወራት የለውም። ብላ።

ጠና፦ ቅቤ ከላም፣ ሥጋ ከበሬ። ወራት ያለው ወንዱ ብቻ ነው?

ጥላዬ፦ [ግንባሩን ይዞ] አዎ! ወንዱ ብቻ ነው!

ጠና፦ አሁን ገባኝ። [መኪናውን ሁለቴ ረግጦ ያቆማል] አይ፣ አልገባኝም። አንተስ ትበላለህ?

ጥላዬ፦ እኔማ ቀጭን ነኝ፤ ደሜም ቀጭን ነው። ለዚህ ነው እንደ ወንድም ያሰብኩልህ። ሥጋህን ቤትህ ካስገባሃት ታያታለህ፤ ካየሃት ትበላታለህ። እኔ ዘንድ ትሁንልህ። አሁኑኑ ሂድና ለዳኘ «የእኔን ለጥላዬ ስጡልኝ» በለው። ምክንያቱንም አስረዳው፤ ያለዚያ አይሰጥም።

ጠና፦ ለእኔ ብለህ ሁለት መደብ ልትበላ ነው?

ጥላዬ፦ ምን ይደረግ፣ ጎረቤት ነህ!

ጠና፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። [ሱሪውን አጥፎ አስቀምጦ፣ እያዘገመ መንገዱን ይሻገራል]

[ጥላዬ ብቻውን ቀረ። እጁን አፋተገ። የሚስቱን ወንድሞች በሐሳቡ ደርድሮ አስቀመጠና ለእያንዳንዳቸው አጎረሰ፤ ሲመርቁት ሰማ፤ ሚስቱ በኩራት ቀና ስትል ታየችው። ጨው ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ሁለት ጊዜ ጠርታው አልሰማትም። ጠና በኮባ የተጠቀለለ ትልቅ ሸክም ይዞ ብቅ ሲል ግን ከሩቅ አየው።]

ጥላዬ፦ ኧረ እኔው መጥቼ ልሸከመው! የሁለታችንም ነው?

ጠና፦ አንድ መደብ ተኩል ነው።

ጥላዬ፦ ግማሿስ?

ጠና፦ አሳምነው ወሰዳት።

ጥላዬ፦ ለምን ሲባል?

ጠና፦ ቆይ፣ በተራ ልንገርህ። ያልከኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ወራቱን፣ ደሙን፣ ድሬሰሩን። ዳኘ ቢላውን አስቀመጠ። ኃይሉማ እየቀመሰ ነበር፤ ተፋው።

ጥላዬ፦ [በኩራት] ከዚያስ?

ጠና፦ ከዚያ አሳምነው ብድግ ብሎ «ዕድሜያችንን ሙሉ በመስቀል በልተን ያልሞትነው ይህን ስለማናውቅ ነው» አለ።

ጥላዬ፦ ምን ማለት ነው?

ጠና፦ ሰውየው ካላወቀ ደሙም አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይፈጨዋል። እያወቀ የበላ ነው የሚሞተው። ሁሉም «ልክ ነው» አሉ።

ጥላዬ፦ እንዴ! እነሱስ አሁን ሰምተው የለም ወይ?

ጠና፦ «አልሰማንም» ተባባሉ። ቀጥሎ ዳኘ «ከመካከላችን ይህን አጥርቶ የሚያውቅ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም በአንድ አፍ ስምህን ጠሩ።

ጥላዬ፦ [የጨው ጆንያ ላይ ዘፍ ብሎ] ወይኔ!

ጠና፦ እንዴት እንደሚወዱህ ብታይ! ዳኘ እንባው መጣ። «እንዲህ ያለ አዋቂ በእጄ አልገድልም» አለና መደብህን አነሳት።

ጥላዬ፦ ለማን ሰጣት?

ጠና፦ ግማሿን ሐሳቡን ላመጣው ለአሳምነው። ግማሿ ደግሞ ምንም ለማይገባው ሰው ትሰጥ ተባለ። ምርጫ ተደረገ።

ጥላዬ፦ እና?

ጠና፦ ተወዳዳሪ አልነበረኝም።

ጥላዬ፦ ጠና! ነገ በጠዋት አማቾቼ ይመጡብኛል! የመስቀል ዕለት በባዶ ቤት ምን ብዬ ልቀበላቸው ነው?

ጠና፦ ስለ ደማቸው አስተምራቸዋ።

ጥላዬ፦ የምን ደም! [ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስማኝ፤ ድሬሰር የሚባል ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሁሉንም እኔው ነኝ የፈጠርኩት፤ ሥጋህን ጎምጅቼ ነው። ይኸው፣ ተናገርኩ!

ጠና፦ አውቃለሁ።

ጥላዬ፦ [ከጆንያው ላይ ተስፈንጥሮ] ታውቃለህ?! ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?

ጠና፦ [ጥቅሉን ወደ ደረቱ አጥብቆ፣ በዓይኑ የዳኘን በር እየጠበቀ] እሽሽ! ቀስ በል እንጂ! እንደማውቅ ከሰሙ ይወስዱብኛል።