ከኋለኛው ወንበር የሚነዱት ወይዘሮ መርል

በዓለም ላይ ያለ አውቶቡስ ሁሉ ሁለት ሾፌር አለው። አንደኛው መሪ ይይዛል፣ ደመወዝ ይበላል፣ ቅጣት ሲመጣም በስሙ ይመጣበታል። ሁለተኛው ከፍሎ ይገባል፣ ፊት ለፊት ይሰየማል፣ አውቶቡሱንም በአፉ ይነዳል። ይህን ሁለተኛውን ሾፌር አላውቅም የሚል ሰው ካለ ወይ አውቶቡስ ተሳፍሮ አያውቅም፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

እኔ ትሬቨር ዱላን ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነኝ፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አውስትራሊያ፣ ብሪስቤን ከተማ ውስጥ የኮረብታ ዙር የምንለውን መስመር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነዳሁ። ይቅርታ፣ ነዳን። ይህችን "ነዳን" ያስተማሩኝ የኮረብታው አናት ነዋሪ፣ የአንድ ጃንጥላና የአንድ ትልቅ ቦርሳ ባለቤት፣ ክብርት ዋና ሾፌር ወይዘሮ መርል ታክዌል ናቸው። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። መንጃ ፈቃድ ግን በዕድሜያቸው አውጥተው አያውቁም።

ወንበራቸው ከፊተኛው በር አጠገብ ያለችው የመጀመሪያዋ ነበረች። ሌላ ሰው ተቀምጦባት ካገኙ ቃል አይተነፍሱም፤ ሰውየው አፍሮ እስኪነሳ ድረስ ከፊቱ ቆመው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ልክ ሲቀመጡ ሥራ ይጀመራል። "ቢጫ በርቷል፣ ትሬቨር ልጄ።" "ያቺን ሴትዮ ጠብቃት፣ እየሮጠች ነው። ለአንተ እርምጃ ይመስልሃል፣ ለእሷ ግን ሩጫ ነው።" "ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ የቆሻሻ በርሜሎቹ መንገድ ላይ ወጥተዋል፣ ሰፋ አድርገህ ዙር።" ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ደግሞ እግሬ ገና ፍሬኑን ሳይፈልግ ያቺ የታወቀችዋ ትመጣለች፦ "ቀስ! እንቁላል ይዣለሁ!"

እንቁላል አልያዙም። አንድ ቀን ቦርሳቸው ወድቆ ስለተዘረገፈ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሹራብ ክር፣ የእጅ ባትሪና አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን ነበር።

"እንቁላሉስ የት አለ፣ ወይዘሮ መርል?" አልኳቸው።

"ብይዝስ ኖሮ?" አሉኝ። መንዳቴን ቀጠልኩ።

በእኛ ከተማ ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው ሁሉ ሾፌሩን ያመሰግናል። ሰካራሙም፣ ተማሪውም፣ መንገዱን ሙሉ ሲሰድበኝ የመጣውም ሳይቀር በሩ ላይ ሲደርስ "አመሰግናለሁ፣ ሾፌር" ይላል። ወይዘሮ መርል ብቻ ብለውኝ አያውቁም። ሰው ራሱን አያመሰግንም መሰለኝ። ደስ ካላቸው "ዛሬ ደህና ነዳን" ይላሉ። ካልተደሰቱ "ነገ እናሻሽላለን" ብለው ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ ይወርዳሉ።

እኔም አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ዴፖ ስገባ ለባልደረቦቼ ስለ እሳቸው ሳማርር እውል ነበር። አንድ ሙሉ ቀን ዝም ብለውልኝ ብነዳ ከዚህ ዓለም ሌላ የምመኘው የለኝም እል ነበር። እንዲህ ያለውን ምኞት ጮክ ብሎ መናገር ጥሩ አይደለም፤ የሚሰማ አይጠፋም።

ወረርሽኙ መጣ። የፊተኛው በር ተቆለፈ፣ ተሳፋሪ ሁሉ በኋላ በር እንዲገባ ታዘዘ፣ ከሾፌሩ አቅራቢያ ያሉት ወንበሮች ላይ ቢጫ ገመድ ተወጠረ። አገሩ ሁሉ ሲጨነቅ እኔ ያንን ቢጫ ገመድ እያየሁ በሆዴ ሳቅሁ።

ወይዘሮ መርል በኋላ በር ገቡና መሀል ላይ ቆመው ገመዱን አዩት።

"ማነው ወንበሬን ያሰረው?"

"ደንብ ነው፣ ወይዘሮ መርል። ለእኔም ለእርስዎም ጤና ነው።"

"ታዲያ አንተን ማን ሊነግርህ ነው?"

"የሚነገረኝ ነገር ያለ አይመስለኝም" አልኩ። አቤት ኩራቴ!

የመጨረሻው ረድፍ ሄደው መሀለኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከመስታወቴ ፊት ለፊት ማለት ነው። የተመኘሁት ፀጥታ ወረደ። እየተዝናናሁ ኮረብታውን ወጣሁ፣ ማዕዘኑን ዞርኩ፣ ሦስት የቆሻሻ በርሜሎችም አከታትዬ ገጨሁ። ማክሰኞ ነበር ለካ። ቆሻሻውን ሲጭሩ የነበሩ ነጫጭ ወፎች ተነስተው ሄዱ፤ አንዱ በርሜል ባለጎማ ስለነበር ቁልቁለቱን ቀድሞኝ ወረደ። በመስታወቱ ወይዘሮ መርልን አየኋቸው። ዓይናቸውን ቀስ አድርገው ጨፈኑ፣ ያ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

በማግስቱ መላ አገኙ። የማቆሚያ ደወሉን መጫን ጀመሩ። ፈጠን ካልኩ ይደውላሉ፤ ተደውሎ አለመቆም ስለማልችል ቀጣዩ ፌርማታ ላይ እቆማለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ ማንም አይወርድም። "የቅጣት ፌርማታ" ብዬ ስም አወጣሁላት። በርቀት ከሚጮሁብኝ ይሻላል ብዬም ተጽናናሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን መጮሁንም ጨመሩበት።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው ያበቃው ዴፖው ግድግዳ ላይ ሁለት ማስታወቂያ ጎን ለጎን የተለጠፈ ዕለት ነው። አንደኛው ርቀት እንዲጠበቅ ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ እንዳትጭኑ ይላል። ሁለተኛው በአንድ ጉዞ በአማካይ ስምንት ሰው የማይጭን መስመር በወሩ መጨረሻ ለጊዜው ይቆማል ይላል። እኛ ዴፖ ውስጥ "ለጊዜው" ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። የሻይ ማፍያችን ለጊዜው ከተበላሸ ልጄ አድጋ ተድራለች።

በዚያ ቀን ስንት ሰው ጫንኩ? ወይዘሮ መርልንና አቶ ስታቭሮስን። አቶ ስታቭሮስ ገብተው እስኪወርዱ የሚተኙ ሽማግሌ ናቸው። መስመሩ ከተዘጋ እኔ ባዶ አውቶቡስ እንዳጥብ ዴፖ እቀራለሁ፣ አልሞትም። ኮረብታው አናት ላይ ያሉት ግን አብዛኛዎቹ የወይዘሮ መርል ዓይነት ናቸው፤ መኪና የላቸውም፣ በዚያ ጉልበት ያንን ዳገት በእግር የሚወጣም የለም። ሱቁም ሐኪሙም ታች ነው።

ነገሩን ለማን ልንገር? ከፊት ሆኜ ጮክ ብዬ ለወይዘሮ መርል ነገርኳቸው።

"ስምንት ሰው?" አሉ ከኋላ። "ለዚህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?"

"ያለ አስፈላጊ ጉዳይ ከቤት መውጣት ክልክል ነው እኮ። ሰው ከየት ይምጣ?"

"ምግብ መግዛት ተከልክሏል?"

"አልተከለከለም።"

"በአንዴ ስንት መግዛት እንዳለብኝ የሚል ሕግ አለ?"

እንደሌለ በማግስቱ አረጋገጡ። ጠዋት ወርደው አንድ ሽንኩርት ይዘው ወጡ። ትንሽ ቆይተው ወርደው አንድ ካሮት ይዘው ተመለሱ። ከሰዓት ደግሞ ለጨው ወረዱ። ሱቁ በር ላይ የቆመ ወጣት ፖሊስ ቀረብ ብሎ፣ "እናቴ፣ ዛሬ ሳይዎት ሦስተኛ ጊዜዬ ነው" አላቸው።

"ምን ላድርግ ልጄ፣ እርጅና ነው፣ እረሳለሁ" አሉት። እሳቸው እኮ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት የትኛው መንታ መንገድ ላይ በድንገት ፍሬን እንደያዝኩ የሚያስታውሱ ሰው ናቸው!

ቀጥሎ ስልክ ደወሉ። ለጎረቤት፣ ለጎረቤት ጎረቤት። ሳምንት ሳይሞላ ኮረብታው በሙሉ በአንዴ አንድ ነገር መግዛት ጀመረ። በመስታወቴ ሳያቸው ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ድንች ይዟል፣ አንዷ ሎሚ ይዛለች፣ አቶ ስታቭሮስ አንድ ዳቦ ታቅፈው ተኝተዋል። እዚያ ሰፈር አንድ ድስት ሾርባ ለማብሰል ስድስት ጊዜ አውቶቡስ መሳፈር ግድ ሆነ። ስምንት ሞላን፤ አንዳንዴማ አሥራ ሁለትም ሞልቶ የሚቀር ሰው ነበር። ችግሩ፣ ሁሉም ደወል መጫን ተምረው ነበር።

ወሩ ሲጋመስ ወይዘሮ መርል ቀሩ። የእህታቸው ልጅ በበሽታው ተይዛ ስለነበርና እሷ ጋ ሻይ ጠጥተው ስለነበር ሁለት ሳምንት ከቤት እንዳይወጡ ታዘዙ። እሳቸው ደህና ነበሩ፤ የታመመው አውቶቡሱ ነው። ጎረቤቶቻቸው ፈሩ። ሰባት ሆንን፣ ስድስት ሆንን፣ አንድ ቀን አራት ሆነን ወጣን። ቁልቁለቱን ስወርድ የሚጮህብኝ ጠፍቶ ጆሮዬ ባዶ ቤት መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ናፈቁኝ።

ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ አየሁና እንቁላል እንደሌለ ወሰንኩ። እንቁላል ነበር። ቢሆንም ሱቅ ሄጄ አንድ ደርዘን ገዛሁና የራሴን አውቶቡስ በኋላ በር ገባሁበት።

በዕረፍቴ ቀን የምትነዳው ጉርሊን የምትባል ጎበዝ ልጅ ናት። በመስታወቱ አየችኝና ደነገጠች።

"አጎቴ ትሬቨር! ዛሬ እረፍትዎ አይደለም እንዴ? ምን ሆኑ?"

"ለወይዘሮ መርል እንቁላል ላደርስ ነው። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ የለሁም በይ።"

የመጨረሻው ረድፍ መሀለኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ላልናገር ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ቀኝ እግሬ ወለሉን ረገጠ፤ ዝም አልኩ። መብራቱ ጋ ስንደርስ ግን "ቢጫ ነው" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ዞር ብዬ ባይ የእኔው ነው። ከዚያ በኋላ ያቆመኝ የለም። "ያንን ሰውዬ ጠብቂው!" "ሰፋ አድርገሽ ዙሪ!" ጉርሊን ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ሲወጣ እያየሁ እንኳ አልተውኩም። አናቱ ላይ ደርሰን ቁልቁል ስናዘነብል ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ፦

"ቀስ! እንቁላል ይዣለሁ!"

አቶ ስታቭሮስ ከእንቅልፋቸው ብንን አሉ። "መርል ተመለሰች እንዴ?"

ዙሩን ጨርሰን እንደገና አናቱ ላይ ስወርድ ለጉርሊን "አመሰግናለሁ" ልላት አፌን ከፈትኩ። "ዛሬ ደህና ነዳን" ብዬ ወረድኩ።

የወይዘሮ መርል ቤት በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ የእንጨት ቤት ነው። እንቁላሉን ደረጃው ሥር አስቀምጬ ወደ አጥሩ ራቅሁ። ከበረንዳው ሆነው ቁልቁል አዩኝ።

"ማነው የነዳው?"

"ጉርሊን።"

"ስንቱ ተሰበረ?"

"አንድም አልተሰበረም።"

"ከአንተ ትሻላለች ማለት ነው።"

"እኔ ስለነገርኳት ነው እኮ!" አልኩ በንዴት። ምን እንዳልኩ የገባኝ እሳቸው የበረንዳውን ብረት ይዘው ሲንፈቀፈቁ ነው።

"እንግዲያው እዚህ አትገተር" አሉ ሳቃቸውን ሲጨርሱ። "ውረድና ካሮት አምጣ።"

በወሩ የቀሩኝን የዕረፍት ቀናት በሙሉ እየወረድኩ እየወጣሁ ካሮት፣ ድንችና ሎሚ ሳመላልስ ጨረስኩ። እኔን ሲያዩ ጎረቤቶቹም አፍረው ተመለሱ። የዴፖው ኃላፊ ክሬግ ቢሮው ጠርቶኝ መስመሩ መትረፉን ነገረኝ፤ ለጥቂት ነው አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አትቀየመኝ ትሬቨር፣ ግን ቁጥሩን ስናየው ሰው የሚበዛው አንተ በማትነዳበት ቀን ነው።"

"ይገባኛል" አልኩት። ምን ልበለው?

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ወይዘሮ መርል በኋላ በር ገቡ። ጮክ ብዬ ሰላም አልኳቸው፣ አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። መንገድ ጀመርን። ቢጫ መብራት አለፍኩ፤ ዝም። በማክሰኞ ምድር በርሜል ታክኬ ዞርኩ፤ ዝም። አመማቸው ብዬ ሰጋሁ። ቁልቁለቱ አፋፍ ያለው ፌርማታ ላይ አቆምኩና ዞሬ ጠየቅኋቸው።

"ወይዘሮ መርል፣ ደህና አይደሉም እንዴ?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ እኔ ሄደ። አልተገለበጠም፣ አልተዘጋም። ምን አስለፈለፈኝ አልኩ።"

አቶ ስታቭሮስ እንኳ አልተኙም ነበር። ሽንኩርት የያዘችውም ድንች የያዘውም እኔን ያዩኛል። መሪው ላይ እጄን አስቀምጬ አልንቀሳቀስ አልኩ።

"ቁልቁለቱ መጥቷል እኮ፣ ወይዘሮ መርል።"

"አይቼዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድተኸዋል።"

"ነድተነዋል" አልኩ።

ጃንጥላቸውን አስተካከሉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ያዙ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ፍሬኑን ለቅቄ አውቶቡሱ ገና ወደ ፊት ዘንበል ሲል ድምፃቸው ከኋለኛው ወንበር እስከ ፊተኛው መስታወት ድረስ አስተጋባ።

"ቀስ! እንቁላል ይዣለሁ!"

ቀስ አልኩ።