አዎ ያልኩት ደንግጬ ነው

እናንተዬ፣ የእኛ ሰላምታ ግን ማለቂያ የለውም አይደል? ደህና አደርክ ተብሎ አይታለፍም። ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ጤናህስ፣ ከዚያ ደግሞ ዞሮ ተመልሶ፣ ደህና ነህ ወይ? አሁን ነገርኩህ እኮ! ይሄ ለአንዳንዱ ሰው ማር ነው። ለእኔ ዳገት ነው። ሰው የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ሰው እወዳለሁ፤ ግን አንድ በአንድ ሲመጣልኝ ነው። ሦስት ሆነው ከመጡ ላብ ላብ ይለኛል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ምን ቢሆን ይሻለዋል? መጋዘን ጠባቂ ትሉ ይሆናል። እኔ የሆንኩት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ አሠልጥነው ሀዋሳ መደቡኝ፤ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሰው ጭንቀት መስማት! እና ልንገራችሁ? አበድኩለት። አንድ ሰው ብቻውን ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ቀስ በቀስ የሆዱን ሲያወጣልኝ የሚሰማኝን ደስታ የትም አላገኘሁትም። እኔ ብዙ አልናገርም። ዋናው መድኃኒቴ «እህ» እና «ከዚያስ?» ነበር።

ችግሩ፣ ጥቂት ሰው ካስተናገድኩ በኋላ ባዶ ጆንያ እሆናለሁ። ባዶ ጆንያ ደግሞ አይቆምም። ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ሐይቅ ዳር እወርዳለሁ። በዋናው መንገድ ከሄድኩ ሰላምታው የምሳ ሰዓቴን ስለሚጨርስብኝ በጓሮ በጓሮ ነው የምሄደው። እዚያ አባ ኮዳዎች አሉ፣ እነዚያ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁ መላጣ ትልልቅ ወፎች። ሄጄ አጠገባቸው እቆማለሁ። አባ ኮዳ ቤተሰብ እንዴት ነው አይልም። ትንሽ ቆሜ ነፍሴ መለስ ስትል ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። የከተማው ሰው መቼም ዓይኑ ክፉ ነው፣ ያ የእብድ ሐኪም ራሱም ጀምሮታል መሰለኝ ይባባል ነበር አሉ።

አለቃዬ ሲስተር አስቴር ትባላለች። ጎበዝ ሴት ናት፤ ብቻ ዝምታ ያማታል። አንድ ቀን ጠራችኝና፣ ሰዉ ነርሱ አይናገርም እያለ ነው አለችኝ። ይሄ የሰው ሥራ ነው፣ ከሰው እየሸሹ አይሠራም፣ እሁድ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ስለ ጭንቀት ታስተምራለህ አለች። ከቻልክ ጎሽ፣ ካልቻልክ ካርድ ክፍል ትገባለህ። ብለምናትም አልሰማችኝም። ካርድ ክፍል! ድሮ ቢሆን በደስታ በዘለልኩ። አሁን ግን በሽተኞቼን ለማን ልተዋቸው? ማታ ማታ ንግግሬን እየሸመደድኩ፣ እግዜር ይሄን ሥራ ከሚያሳጣኝ አንድ እጄን ቢወስደው ይሻላል እል ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። በዚያ ዘመን ግን ይነቅዝ ነበር። ዝም ያለ ሰው፣ ምን እያሰበ ነው ይባላላ!

እሁድ ደረሰ። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። ሊቀመንበሩ ጓድ ሻሜቦ ድምፅ ማጉያ የማያስፈልጋቸው ሰው ናቸው። መፈክሩን አሰምተው ሲጨርሱ መድረኩን ለእኔ ለቀቁልኝ። ቆምኩ። «ጭንቀት በሽታ ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። አዳራሹ ያየኛል፣ እኔም አዳራሹን አየዋለሁ። ከፊት የተቀመጠችው ሲስተር አስቴር ዓይኗን ጨፈነች።

ጓድ ሻሜቦ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ሊረዱኝ ብለው ጠየቁኝ።

«ጓድ ነርስ፣ ጭንቀት የሚይዘው አድሃሪውን ነው አይደል? ወይስ አብዮተኛም ይጨነቃል ነው የምትለው?»

ደነገጥኩ! ደንግጬም ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ። «ህእ!»

አያችሁ ጉዴን? ሌላ አገር ቢሆን የደነገጠ ሰው ደነገጠ ይባላል፣ አለቀ። እኛ አገር ግን ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ «አዎ» ማለት ነው! ያውም ሞቅ ያለው፣ እንዴታ የሚባለው አዎ። ስንሠለጥን አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበር፣ በሽተኛው አዎ ባለ ቁጥር ትንፋሽ አጠረው ብሎ እየሮጠ የሚመጣ። ምናለ ያን ቀን ሊቀመንበሩ ፈረንጅ በሆኑልኝ!

«አብዮተኛም ይጨነቃል አለ!» የሚል ሹክሹክታ ከወንበር ወንበር ዞረ። ካርድ ክፍሉን እንኳ ተመኘሁት፤ አሁን የታየኝ ከዚያ የባሰ ክፍል ነው። ጓድ ሻሜቦ አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እውነቱን ነው» አሉ፣ ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ። «እኔ ራሴ እንቅልፍ ካጣሁ ቆይቻለሁ።»

ከኋላ ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ብርቄ ተነሡ። «እኔስ! ልጄን ለውትድርና ከወሰዱብኝ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል፣ የኔ ልጅ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ እኮ ነው ገበያ የምውለው።»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

በቃ፣ ግድቡ ፈረሰ። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሣል። እኔ የሚናገረውን ሰው ብቻ አያለሁ፣ ሌላውን ረስቼዋለሁ። ሰውን አንድ በአንድ ነው የምችለው አላልኳችሁም? አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አንድ በአንድ መጣልኝ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ልቤ ልትዘል ደረሰች። ስብሰባው ያለ መዝጊያ መፈክር ተበተነ። ወይዘሮ ብርቄ ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ። ሲስተር አስቴር መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እንዲህ ያለ ንግግር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፣ ከክፍልህ ማን ያነቃንቅሃል አለችኝ። ልብ በሉ፣ ከ«ከዚያስ?» ሌላ የተናገርኩት ሦስት ቃል ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ ሻሜቦ ቢሮዬ መጡ። ብቻቸውን ነበሩ። በሩን ዘጉ፣ ተቀመጡ፣ ዝም አሉ። ቀኑን ሙሉ ሲናገር የሚውል ሰው ዝም የሚልበት ቦታ ቸግሮት ኖሯል። ትምህርቱ እንደሚለው ቢሆን፣ እስኪናገሩ መጠበቅ ነበረብኝ። ግን የትናንቱ ደስታ አለቀቀኝማ! ዝምታቸው ደግሞ ይጋብዛል። ምን ልበላችሁ፣ አፌ ተከፈተ። ሰው ሲበዛብኝ እንደምሸሽ፣ ከሥራዬ ሊያነሡኝ እንደነበር፣ ያ አዎ ከነጭራሹ አዎ እንዳልነበረ፣ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩላቸው። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ ተነሡ። ፊታቸው እንቅልፍ የጠገበ ሰው ፊት መስሏል። በሩን ከፈት አድርገው ግራ ቀኙን ቃኙና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«አይዞህ ጓድ፣» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ለማንም አልናገርብህም።»