የመቆም ዋጋ

የሰው ልጅ ለሚያስሮጠው ነገር ገንዘብ ሲያወጣ እጁ አይንቀጠቀጥም። ለሚያቆመው ነገር ክፈል ሲባል ግን እጁ ኪሱ ውስጥ ይጠፋበታል። ለበቅሎው ያማረ ኮርቻ ይገዛል፤ ልጓሙን ግን በአሮጌ ጠፍር ቀጣጥሎ ይኖራል። ዋሸሁ እንዴ?

እኔም ከዚሁ ወገን ነበርሁ። በንጉሡ ጊዜ መካነ ኢየሱስ ከተማ ጨርቅ ስነግድ፣ ጎንደር ዘልቄ አንዲት ያገለገለች፣ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር የቤተሰብ መኪና ገዛሁ። ስድስት ልጆቼን፣ ሚስቴን የሺን፣ አማቴን እመይቴ ጥሩን በአንድ ጊዜ ትጭናለች። ነውሯ አንድ ብቻ ነበር፤ ፍሬን ሲያዝ እንደሚታረድ ፍየል ትጮኻለች።

ደብረ ታቦር ያለ መካኒክ ጎማዋን ፈትቶ አየና የአራቱም የፍሬን ሸራ ማለቁን፣ ብረት ከብረት እየተፋጨ መሆኑን ነገረኝ። አዲሱ ሸራ ስድሳ ብር፣ የእጁ ሠላሳ። ዘጠና ብር! በዚያ ዘመን በዘጠና ብር ደህና በሬ ተገዝቶ ለአሻሻጩ ጠላ መጠጫ ይተርፋል።

«ሸራ ከሆነማ እኔም ሱቅ ሙሉ አለኝ» ብዬ ልቀልድ ሞከርሁ።

መካኒኩ አልሳቀም። «ጌታዬ፣ ቁልቁለት ቀልድ አያውቅም» አለና ጎማውን መልሶ አሰረው።

የሺ «ኧረ ባክህ ክፈለው፤ እኛን ይዘህ ነው የምትወርደው» ብላ ለመነችኝ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለውን ተረት አጥቼው አይደለም። ግን ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ፍሬን ምን ይሠራለታል ብዬ እንደ ሊቅ ተከራከርሁ። ጩኸቱንም እንደ ጥሩምባ ቆጠርሁት፤ ከብት ከመንገድ ያስለቅቃል።

በጥር የእኅቴ ልጅ ሠርግ ነበርና ነጭ በነጭ ለብሰን ተሳፈርን። እመይቴ ጥሩ ድፎ ዳቦውን ታቅፈው ከአጠገቤ ተቀመጡ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍሬኑን ረገጥሁ፤ አልጮኸም። በራሷ ጊዜ ዳነች ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እግሬ ያለ ምንም እንቅፋት እስከ ወለሉ እስኪወርድ ነበር።

የእጅ ፍሬኑን ብስበው ከነሽቦው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አሉኝ አማቴ።

«ምንም አይደል እመይቴ፣ ዳቦውን ጠበቅ ያድርጉት» አልኋቸው።

ከኋላ የሺ ልጆቹን ሰብስባ ማርያምን ትጠራለች። ያን ጊዜ መካኒኩ ከፊቴ ቆሞ ዘጠኝ መቶ ቢለኝ በከፈልሁ!

ከመንገዱ በታች አንድ አውድማ ታየኝ። አራት በሬዎች ገብስ ያበራያሉ፤ ዳሩ ላይ ቤት የሚያህል የጭድ ክምር አለ። መሪውን ወደዚያው ጠመዘዝሁ። ገበሬው በሬዎቹን አባሮ ራሱም ዘለለ። እኛ በተዘረጋው ገብስ ላይ በጎማችን አለፍንና ክምሩ ውስጥ እስከ መስኮታችን ተቀበርን። ጸጥ አለ። ልጆቹን ቆጠርን፤ ስድስት። እመይቴ ጥሩም ከነዳቦአቸው ደኅና ናቸው፤ ነጠላቸው ብቻ ጭድ አብቅሏል።

ገበሬው መንሹን እንደያዘ መጣ። እኔ ካሣውን በሆዴ ስገምት፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ገብሱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና፣ «ጌታው፣ ደህና አድርጋችሁ ወቅታችሁልኛል። ይችኛዋ ጥግ ብቻ ቀርታለች፤ አንዴ ብትዞሯት ምናለ?» አለኝ። የሺ በሳቅ ፈነዳች፤ እኔ መጀመሪያ ለቅሶ መስሎኝ ነበር።

መኪናዋን በእነዚያው በሬዎች አስጎትተን አወጣናት። መካኒኩ መጥቶ ሲያያት ዘጠናው ከነእጅ ፍሬኑ መቶ ሃያ ሆነ። ሳልከራከር ከፈልሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ቤተሰቡን እንደገና ጫንሁ። ደልዳላው ሜዳ ላይ ስደርስ፣ ሁሉም እንዲያደንቅልኝ አዲሱን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥሁት። መኪናዋ እንደ ችካል ቀጥ አለች። እመይቴ ጥሩ ግን አልቆሙም፤ ግንባራቸው ከፊት መስታወቱ ጋር ተላተመ።

ግንባራቸውን በነጠላቸው አሹ። ከዚያ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ መቶ ሃያ ብር የከፈልከው ለዚህ ነው?» አሉኝ፤ «አሮጌውስ በነጻ ጭድ ላይ ነበር ያሳረፈኝ።»