ሰባት አባት ያስቆጠሩኝ አከራይ

መርማሪ ፖሊስ ያልጠየቀውን አከራይ ይጠይቃል። ይህን የማያምን ሰው ወይ ቤት ተከራይቶ አያውቅም፣ ወይ ዛሬም አባቱ ቤት ነው የሚኖረው። «ስንት ናችሁ? ልጆቹ ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ? እንግዳ ታበዛላችሁ? ሽንኩርት ስታቁላዪ መስኮት ትከፍቻለሽ?» ይሄን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ጅግጅጋ ላይ የገጠሙኝ ግን የአከራዮች ሁሉ የበላይ፣ ክብርት ኤዶ ሻሚስ ናቸው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው።

ቤት የግድ ያስፈልገኝ ነበር። ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሆዴ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ባለቤቴ ራጉኤል ጅቡቲ ድንበር አጠገብ፣ አይሻ ከተማ የጉምሩክ ትራንዚት ስለሚሠራ ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ይመለሳል። ሲመጣ ልጆቹ አልጋውን ይዘውታል፤ አባወራው እንደ እንግዳ መሬት ይነጠፍለታል።

ደላላው አብሽር አዲሶቹ ፎቆች ያሉበት፣ የሀብታሞቹ ሰፈር ወሰደኝ። «ባለ ሁለት መኝታ! በረንዳው ወደ አስፋልት፣ ውሃው ከቧንቧ! አንድ ችግር ብቻ አለው።»

«ምን?»

«ባለቤቷ።»

ቧንቧ ከፈትኩ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ሞከርኩ፣ አልጋችን ይገባ እንደሆነ በሩን በስንዝር ለካሁ። ኤዶ ሻሚስ ባዶው ሳሎን መሃል የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ቤቱን ስመረምር እሳቸው እኔን ይመረምራሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የተክለማርያም።»

«ተክለማርያም የማን?»

«የደምሴ።»

«ደምሴስ የማን?»

እዚህ ላይ ቆምኩ። «ኤዶ፣ መታወቂያ አለኝ እኮ።»

«መታወቂያ ፊትሽን ነው የሚያውቀው። የልጄ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው፤ አሥራ አምስት አባት ትቆጥራለች። አንቺ ሁለት ልጅ ወልደሽ ሁለት አባት? ቢያንስ ሰባት!»

እኛም ዘንድ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ግን ለጋብቻ ነው። የቆጠሩትም ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔ ያን ሰዓት ፀጉሬን እየተሠራሁ ነበር።

«ቤት ልከራይ ነው እንጂ ልጅዎን ላገባ አልመጣሁም» አልኳቸው።

«ባልማ ቢከፋ ይፈታል፤ ተከራይ ግን ቁልፍ ይዟል!»

በማግስቱ አብሽር ደወለ። «እህቴ፣ ፍጠኚ! የድርጅት ሰው መጥቷል!» እያለከለክሁ ስደርስ ሸሚዙ ያልተጨማደደ ጎልማሳ ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ፣ «እናቴ፣ የስድስት ወሩን ባንዴ እከፍላለሁ» ይላቸዋል።

«ገንዘብ መች ጠየቅኩህ? አያትህን ነው የጠየቅኩህ።»

እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ሞጆ ወዳለው አባቴ ደወልኩ። አባቴ ስልክ ላይ፣ «ደህና ነን፣ ካርድሽን አታቃጥዪ» ብሎ የሚዘጋ ሰው ነው። ነገሩን አስረድቼ ሳልጨርስ ኤዶ ስልኩን ነጠቁኝ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይዝጋው! ከደምሴ በላይ አጥናፉ ወጣ፤ ከአጥናፉ በላይ ወልደጻድቅ፣ ከእሱም በላይ ጎበና የሚባል ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ሰው። «አጥናፉ ሥራው ምን ነበር?» ጠየቁ ኤዶ። የአባቴ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ፣ «እዚያው እናንተ አገር፣ አዲጋላ ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ይጠግን ነበር» ሲል ሁላችንም ሰማነው።

እኔ ደንግጬ ቀረሁ። እዚህ አገር ትናንት የመጣሁ እንግዳ ነበር እኮ የምመስለው፤ ለራሴም ቢሆን።

ኤዶ ሻሚስ ከወንበራቸው ተነሡ። «አዲጋላ! አዲጋላ ኖሮ የግመላችንን ወተት ያልጠጣ የለም። ወተታችንን የጠጣ ደግሞ እንግዳ አይደለም። አብሽር፣ ቁልፉን ስጣት! ተክለማርያም፣ የቀሩትን ሁለቱን ፈልገህ ትደውልልኛለህ፤ ሃዬ?»

የድርጅቱ ሰው ደረጃውን ሲወርድ ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር። «እማዬ፣ የአያቴ አባት ማን ይባላል?»

ገባን። ራጉኤል አልጋ አገኘ። እኔ ግን ስም አጣሁ፤ እናትአለም ተብዬ መጠራት ቀረ። ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ ኤዶ ደረጃው ላይ ያቆሙትና፣ «ይቺ እናትአለም ተክለማርያም ደምሴ አጥናፉ ወልደጻድቅ ጎበና ናት» ይሉታል፤ ሰውየው ለምን እንደመጣ ይረሳዋል። አባቴም አሁን መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። ስለ ካርድ አንሥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ እያጠፍን፣ «ኤዶ፣ ይሄ ሁሉ ቆጠራ ለምንድን ነው?» አልኳቸው። የያዙትን አንሶላ አስቀመጡ።

«ከተማው በተረበሸበት በዚያ ክረምት ጎረምሶች ዱላ ይዘው ደጄ ላይ መጥተው ‘ውስጥ ማን አለ?’ አሉኝ። ተከራይ ነበረችኝ፣ ከናንተ አገር። ስሟን ብቻ ነው የማውቀው። ቆምኩ፤ አላስገባኋቸውም። ግን ዋላሂ፣ ስም ብቻ ይዞ በር ላይ መቆም ከባድ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የሚገባ አባቶቹን ይዞ ይግባ አልኩ። ‘የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ፣ የእኔ ናት’ ብዬ እንድመልስ።»

ያጠፍኩትን ፎጣ እንደገና አጠፍኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በእሳቸው መቀለድ ተውኩ ብል ውሸት ነው።

ባለፈው ሳምንት ምድር ቤቱ ተለቀቀና አዲስ ተጋቢዎች ሊያዩት መጡ። ባልየው አያቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ላቡን ጠረገ። ሚስቱ ክንዱን ትጎነትለዋለች። ኤዶ አንገታቸውን ወደ እኔ በረንዳ ቀና አደረጉ፤ ፍርዱን ለእኔ የተዉት ይመስላል።

«ይተዉአቸው፣ ያሳዝናሉ» ልል ነበር፤ ማርያምን። አፌን ስከፍት ግን፣

«ወንድሜ፣ አባትህ ጋ ደውል» አልኩት። «እንጠብቃለን።»