ወባ በቦኖሻ እንዲቀር፣ ከዚያም እንዲኖር ስለተወሰነበት ስብሰባ

ቅዳሜ ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በቦኖሻ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ውስጥ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አባላት ተሰበሰብን። ክፍሉ የተመረጠው ተማሪዎቹ ወባ ይዟቸው ባዶ ስለነበረ ነው።

የተገኙ፦ አቶ ሰይፈሥላሴ ብሩ፣ ሊቀ መንበር፤ ሐጂ ኑሪ ባፈና፣ የበርበሬ ነጋዴ፤ ወ/ሮ ረሂማ ከማል፣ የተማሪ እናት፤ ተክለጊዮርጊስ፣ ጸሐፊ።
ያልተገኙ፦ አራት አባላት፣ በወባ። ልባቸው ከእኛ ጋር ነው ተብሎ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

፩. ስለ አዲሱ መምህር
ሊቀ መንበሩ ሁለት መምህራን ወባ ፈርተው መሸሻቸውን፣ ሦስተኛው መምህር ቸኮል ዛሬ ከሆሳዕና ደርሰው ሻንጣቸውን ሳይፈቱ በረንዳ ላይ መቀመጣቸውን ገለጹ። እሳቸውም ከሄዱ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ወ/ሮ ረሂማ ልጃቸው ሩቂያ አራተኛ ክፍል ደርሳ ልትቀር መሆኑን ተናግረው አለቀሱ። ሐጂ ኑሪ የፎንቆ ከተማ ነጋዴ ወባውን ፈርቶ ገበያ ስለቀረ በርበሬያቸው መሻገቱን አመለከቱ። ከረጅም ውይይት በኋላ በቦኖሻ ወባ እንደሌለ ተወስኖ በመንግሥት ማኅተም ታተመ።

፪. ስለ ቢንቢ
በመምህሩ ፊት ቢንቢ መምታት ተከለከለ። ወ/ሮ ረሂማ ይህን ሲቃወሙ የገዛ ጉንጫቸውን በጥፊ አጮሉ። ሊቀ መንበሩ በጸጸት እንደሆነ እንዲመዘገብ አዘዙ።

፫. ለመምህሩ ስለማስታወቅ
መምህሩ ተጠርተው ገቡ። ሊቀ መንበሩ ወባ የሚባል ነገር እንደሌለ አረጋገጡላቸው።

መምህሩ ክው አሉ። «እንግዲያው ተሳስቼ ነው የመጣሁት። እኔ የቆየ ወባ አለብኝ። ደጋ ሳስተምር በተንቀጠቀጥኩ ቁጥር ‹ጠጥቶ ነው› እያሉ ይከሱኝ ነበር። ሕመሜን የሚያውቅ አገር ልኑር ብዬ፣ ለምኜ ነው የተዛወርኩት። እዚህ ከሌለማ እዚህም ሰካራም ልባል ነው» ብለው ሻንጣቸውን አነሡ። ያመጣቸውና ወደ ሆሳዕና የሚመለሰው የጭነት መኪናም ጥሩምባውን ነፋ።

ወ/ሮ ረሂማ በሩን ዘግተው ቆሙ። «የኔ ጌታ፣ አለ! እንዴት የለም! ልጄም አለባት፣ እኔም አለብኝ!» አሉ። ሐጂ ኑሪ «ወላሂ ሞልቷል!» ብለው ማሉ። ሊቀ መንበሩ፣ በመንግሥት ማኅተም የጠፋ በሽታ በአንድ ቀን እንዴት ይመለሳል ብለው አንገራገሩ፤ የሰማቸው ግን የለም።

መምህሩ ሻንጣቸውን አስቀመጡ። መኪናው ትቷቸው ሄደ፤ ስብሰባውም የሚከተለውን ወስኖ ስድስት ሰዓት ላይ ተበተነ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ወባ በቦኖሻ ከጥንት ጀምሮ በብዛት እንዳለ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ወ/ሮ ረሂማ እልል አሉ። ለወባ እልል ሲባል ጸሐፊው ሲሰማ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው።